ላብ ከሒሳብ ውጭ ነው?

ጥያቄ፦ የአንደኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «የአንድ ነገር ወጪው እሱን ብለህ የተውከው ሌላ ነገር ነው» ይሉናል። ለእኔ አልዋጥልህ አለኝ። አባቴ ግንበኛ ነው። ድካሙ አይቆጠርም ማለት ነው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያነሳኸው ነገር ምሁራንን ለዓመታት ያሟገተ ነው።

እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል ላንተ ያደላል። ለእሱ ከገንዘቡ ጀርባ ያለው እውነተኛ ወጪ የሠራተኛው ልፋትና የባለገንዘቡ ትዕግሥት ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ፎን ቪዘር ግን ወጪን የሚለካው ያው ግብዓት ሌላ ቦታ ቢውል በሚሰጠው ጥቅም ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ግሪን የተባለ አሜሪካዊ ሁለቱን ወጪዎች ለይቶ ጻፈ። ኸርበርት ዳቨንፖርትም ሐሳቡን ገፋበት።

ክርክሩ የጦፈው ግን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በሁለት ባልደረቦች መካከል ነው። ፍራንክ ናይት በ1928 የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለውን የአዳም ስሚዝን የአዳኞች ምሳሌ አነሳ። ስሚዝ እንደሚለው ቢቨር (ውሃ ዳር የሚኖር የዱር እንስሳ) መግደል አጋዘን ከመግደል እጥፍ ካደከመ፣ አንድ ቢቨር በሁለት አጋዘን ይለወጣል። ናይት ድካሙን ከሒሳቡ ከነጭራሹ አወጣው። አዳኙ ቢቨር ሲከተል ሁለት አጋዘን ይቀሩበታል፤ ለዋጋው ይኸው ይበቃል። አደኑ አስደሳች ቢሆን እንኳ ልውውጡ ያው ነው።

ባልደረባው ጄኮብ ቫይነር ይህን አልተቀበለም። ሰው ሥራ የሚመርጠው በክፍያ ብቻ አይደለም። አንዱ ሥራ ከሌላው ይከብዳል፣ ያስጠላል። ደግሞም ሰው ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ራሱ ይወስናል፤ ሲበቃው ያርፋል። የሥራ ሰዓት በቁርጥ የተወሰነ፣ ሥራውም ሁሉ እኩል የሚከብድ ከሆነ ናይት ልክ ነው። ካልሆነ ግን የተተወው አጋዘን ብቻውን ዋጋውን አይነግርህም።

የናይት ወገኖች «ዕረፍትንና የሥራ ምቾትንም ከተተዉት ነገሮች እንቁጠራቸው» ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን ይህን ካልን ልፋት ተመልሶ ሒሳቡ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ቫይነር ተሸነፈ የሚሉትን አልቀበልም።

የአባትህ የአንድ ቀን ሥራ ወጪም ሌላ ቦታ ሊያገኝ የሚችለው የቀን ክፍያ ብቻ አይደለም። ክፍያው እኩል የሆነ፣ ፀሐይ የሌለበት ሥራ ቢያገኝ የትኛውን እንደሚመርጥ ጠይቀው። ግንቡ ላይ እንዲቆይ ስንት መጨመር እንዳለበትም ይንገርህ። የላቡ ሒሳብ እዚያ ጭማሪ ላይ ነው ያለው።