ከጅሬን ቁልቁለት ላይ የደረቀው ፍሬን

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የናፍጣ ዶልፊን ሚኒባስ ነው የምሠራበት። ናፍጣው እየተወደደ ስለሆነ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰው አድርሼ ስመለስ የጅሬንን ቁልቁለት ሞተር አጥፍቼ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ነው የምወርደው። ሰሞኑን ላም ድንገት ገባችብኝ። ሁለቴ ፍሬን ስረግጥ ደህና ያዘ። ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሬ ተጭኜ እንደምንም ቆምኩ። ጓደኛዬ «ሰርቮው ሞቷል፣ አስቀይረው» ይለኛል። ልቀይር?
ሾፌር፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ላሟ ተርፋለች ብዬ ልቀጥል። ሰርቮው አልሞተም ልጄ። ሥራውን ያስቆምከው ቁልፉን ስታጠፋ ነው።

ሰርቮ ከፔዳሉ ወዲያ ያለው ክብ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ በጎማ ድያፍራም ለሁለት ተከፍሏል። ሞተር ሲሠራ ከሁለቱም ክፍል አየር ይመጠጣል። ፍሬን ስትረግጥ በአንዱ ወገን የውጭ አየር ይገባና ድያፍራሙን ይገፋል፤ እግርህን የሚያግዘው ይሄ ግፊት ነው። ቤንዚን መኪና ላይ መምጠጡን የሚሠራው ሞተሩ ራሱ አየር ሲስብ ነው። ያንተ ዓይነቱ ናፍጣ ላይ ግን ባትሪውን ከሚሞላው ከዲናሞው ጀርባ አየሩን የምትመጥ ትንሽ ፓምፕ አለች። ዲናሞው ካልዞረ እሷም አትዞርም።

ሞተር ሲጠፋ ቱቦው ላይ ያለችው ቫልቭ የተመጠጠውን ይዛ ትቆያለች። እሱም ለአንድ ወይም ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ርግጫ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉልበት ያንተ ብቻ ነው። ዘይቱም ሸራውም (ጎማውን አሽቶ የሚያቆመው) በቦታቸው ስላሉ ፍሬኑ ጨርሶ አልጠፋም፤ በሁለት እግር የቆምከውም ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ሰርቮ የሚገፋው በአየር ክብደት ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች፣ አየሯ ጅቡቲ ወደብ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀላል። እገዛውም እዚህ በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ይቺን ሞክር። ሞተሩን አጥፋና ፔዳሉን እስኪደርቅ ደጋግመህ ርገጥ። እግርህን ሳታነሳ አስነሳው። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ ቱቦውን፣ ቫልቯን፣ ፓምፗን አስፈትሽ፤ ሰርቮው የሚጠረጠረው ከነሱ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ናፍጣው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ፣ ነዳጅ መርገጫውን ለቀህ ስትወርድ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በዚያን ጊዜ የናፍጣ ፓምፑ መርጨቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። ቆጠብኩ ያልከው ናፍጣ ድሮም አይወጣም ነበር! ማርሹን ስታወጣ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፣ ሸክሙ ሁሉ ሸራው ላይ ይወድቃል። ጊቤ በረሃ ላይም ይሄን የምታደርግ ከሆነ እግዜር ይጠብቅህ። ያን ቁልቁለት ማርሽ አውጥተው የሚወርዱ መኪኖች ሸራቸው የተቃጠለ ሽታ ይዘው ነው ወንዙ ጋ የሚደርሱት። ከኋላህ የተሳፈሩት እናቶች ሞተር እንዳጠፋህ ቢያውቁ ያኔውኑ «ወራጅ አለ!» ይሉህ ነበር።

ሞተር በራሱ ከጠፋብህስ? ማርሹን አታውጣ፣ ፍሪሲዮንም አትርገጥ። ጎማው ሞተሩን እያዞረ ፓምፗን ያሠራልሃል፣ መሪውም አይከብድብህም። ፍሬኑን እየለቀቅክ አትምታ፤ በለቀቅክ ቁጥር ያቺኑ የተረፈችውን እገዛ ትጨርሳለህ። አንዴ ጠበቅ አድርገህ ያዝና እስክትቆም አትልቀቅ። ካነሰህ የእጅ ፍሬኑን ቁልፏን በአውራ ጣትህ ተጭነህ ቀስ እያልክ ሳብ። ማስነሻ ቁልፉን ግን ሳትቆም እንዳትነቅል፣ መሪው ይቆለፍብሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ እየሠራ የባትሪዋ ቀይ መብራት ብትበራና ፍሬኑም አብሮ ቢደርቅብህ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሷል ወይም ላልቷል። ዳር ያዝና እሱን እይ። ዋጋው ከሰርቮ ጋር አይገናኝም፤ ትርፍ ቺንጋ ከወንበር ሥር ቢቀመጥ ደግሞ ቦታ አይፈጅም።