ደርቆ የመጣው ዋይፕስና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም የሀዋሳ ልጆች፣ የሌላ ከተማ ልጆችም። ባለፈው ስለ ፊት ሳሙና ከጻፍኩ ወዲህ ስልኬ በመልእክት ተጨናንቋል። ግማሹ ስለ ዋይፕስ ነው። እሱም ስለ ለመድነው እርጥቡ ሳይሆን፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ስለሚያወጣው፣ በሻንጣ ከውጭ ስለሚመጣው ደረቅ ጨርቅ። ፋርማሲ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ማንም ጠይቆኝ የማያውቀው ነገር ዛሬ የሰፈር ወሬ ሆኗል። እንግዲህ እንየው።

«እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የፊት ዋይፕስ ሰጠችኝ። ስከፍተው ክው ብሎ ደርቋል። ሻንጣ ውስጥ ሙቀት መትቶት ነው ብዬ ሎሽን አፈሰስኩበትና ፊቴን ጠረግኩ። ፊቴ ሙጫ የተቀባ መሰለ። ጊዜው አልፎበት ይሆን?» (ከአቶቴ)

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሎሽኑ ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ዕቃው ምንም አልሆነም። ሲሠራም ደረቅ ሆኖ ነው የተሠራው።

ዋይፕስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለሕፃን የምንገዛው እርጥቡ ነው፤ ጠርገሽ ትጥይዋለሽ፣ አለቀ። ሌላው ያንቺ ነው። ፋብሪካው ጨርቁን የሚያረፋ ማጽጃና ማለስለሻ ያጠጣውና ያደርቀዋል። ውሃውን የምትጨምሪው አንቺ ነሽ። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ይህን አሠራር በፓተንት አስመዝግቦ፣ በኋላ ኦሌይ በሚለው ስሙ ገበያ ላይ አውጥቶታል። ደረቅ መሆኑ ጥቅም አለው። ባክቴሪያና ሻጋታ ያለ ውሃ ስለማይራቡ፣ እንደ እርጥቡ ብዙ መከላከያ ኬሚካል አይፈልግም። ደግሞ አይፈስም፣ አይከብድም። የዲያስፖራ ስጦታ ቢሆን አይገርምም።

እኔም ለዚህ ጽሑፍ ብዬ አንዱን በረንዳ ላይ ሞከርኩት። ደረቁን ስትነኪው ስታርች የገባ ነጠላ ይመስላል። አንዱ ጎኑ ለስላሳ ነው፣ ሌላው ጎኑ ሻከር ይላል። በአንድ የቡና ሲኒ ውሃ አራስኩት፤ ወዲያው ዝልግልግ አለ። በመዳፌ መሀል አሥር ጊዜ ያህል ሳሸው እንደ ማኪያቶ አረፋ ያለ ደቃቅ ነጭ ነገር ወጣ። ፊቴን በቀስታ አሸሁና ማለቅለቅ ጀመርኩ። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ለማርጠብ ሲኒ በቅቶኛል፣ ለማለቅለቅ ግን አንድ ጆግ ጨረስኩ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ ሰዎች ይህን ሂሳብ ውስጥ አስገቡ።

ሎሽን ያፈሰስሽበት ለምን ሙጫ እንደሆነ ገባሽ አይደል? ማጽጃው በውሃ መሟሟትና መታጠብ ሲገባው፣ ከሎሽኑ ጋር ተቦክቶ ፊትሽ ላይ ቀረ። የቀሩትን በውሃ ሞክሪያቸው።

«ሳሙና ቅባት ያጥባል። ታዲያ ይሄ ጨርቅ እያጠበ እንዴት ያለሰልሳል? ማለስለሻውስ አብሮ አይታጠብም? የማታለያ ወሬ መሰለኝ።» (ከታቦር፣ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ ያሉ)

ጋሼ፣ እርስዎን ማስረዳቱ ድፍረት ይሆንብኛል። ግን ለሌሎቹም እንዲሆን ልሞክር።

ወሬ ብቻ አይደለም። ከማለስለሻዎቹ አንዳንዶቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፖሊመሮች፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው። ቆዳችን ላይ ደግሞ ኔጋቲቩ ያመዝናል። አረፋው ወፍራም ሳለ ፖሊመሩ ከማጽጃው ጋር ተያይዞ ውሃው ውስጥ ይቆያል። ስናለቀልቅ ውሃው ሲያቀጥነው ግን ሁለቱ ተጣብቀው ከውሃው ይለያሉ። አይቡ ከአጓቱ ሲለይ እንደምናየው ማለት ነው። ያ የተለየው ነገር ቆዳ ላይ ስስ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጨርቁ ውስጥ ካለው ማለስለሻ ዘይትም ጥቂት ይዞ ይቀራል። «ሁለት በአንድ» የሚባለው ሻምፖም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።

ሌላም አለ። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይኮመጥጣል) 9 እና 10 አካባቢ ነው። የቆዳችን ላይኛው ክፍል ግን 5 አካባቢ፣ ማለትም ኮምጠጥ ያለ ነው። እንዲህ ያሉ ጨርቆች ላይ የሚገባው ማጽጃ አብዛኛውን ጊዜ ሳሙና ሳይሆን ሰው ሠራሽ ስለሆነ፣ ወደ ቆዳው ፒኤች ማቅረብ ይቻላል። ከታጠቡ በኋላ ፊት የማይወጠረው በከፊል ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ የሚቀረው ቅባት ጥቂት ነው። ቆዳው የሚሰነጠቅ ሰው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ያለው ሎሽን ይቀባ። ማሸጊያው ላይ «ሎሽን አያስፈልግም» ቢልም አልስማማም።

«እናቴ ከወደቁ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው፣ ስምንተኛ ወራቸው። ሻወር ማስገባት አልቻልኩም። በዚህ የሚያረፋ ዋይፕስ ሙሉ ሰውነታቸውን ባጥባቸው ይሆናል? ብቻዬን ነው የማስታምማቸው።» (ከመናኸሪያ)

አይዞሽ እህቴ። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የሚያረፋውን ለሙሉ ሰውነት አልመክርሽም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ መለቅለቅ አለበት። አልጋ ላይ ያለ ሰው ጀርባ ላይ የቀረ ማጽጃ በላብ እየራሰ ሲያሳክክና ቆዳ ሲያቆስል ይውላል። እጅና እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረሽ ማጠብ ከቻልሽ ለዚያ ይሆናል። ለሌላው ሁለት ሳፋ ለብ ያለ ውሃ፣ አራት አምስት ትንንሽ ፎጣና ለስላሳ ሳሙና ይሻላል። አንዱ ሳፋ ለሳሙናው፣ አንዱ ለማለቅለቂያው።

መስኮቱን ዝጊ። የሐይቁ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ጤነኛውንም ያንዘፈዝፋል፤ ጠዋት ይሻላል። ከሥራቸው ላስቲክና ፎጣ አንጥፊ። የምታጥቢውን ክፍል ብቻ ግለጭ፣ ሌላው በጋቢ ተሸፍኖ ይቆይ። ይህ ለብርድ ብቻ አይደለም። እናት በልጇ ፊት ራቁቷን መሆን ይከብዳታል፣ ባይናገሩትም።

ከፊት ጀምሪ፣ ፊታቸውን ያለ ሳሙና። ዓይናቸውን ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለያየ የፎጣ ጫፍ። ከዚያ እጅ፣ ደረት፣ ሆድ፣ እግር፣ ጀርባ። የታችኛውን መጨረሻ፣ በአዲስ ውሃና በአዲስ ፎጣ፣ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ። ከጡት ሥር፣ ብሽሽትና የእግር ጣት መሀል ሲታሽ ሳይሆን ሲጫን ይድረቅ። እርጥብ የቀረ ዕጥፋት ፈንገስ ይጋብዛል።

ስታጥቢ ዓይንሽ ወገብ ግርጌ፣ ዳሌ፣ ተረከዝና ክርን ላይ ይሁን። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። መጻሕፍት «ይቀላል» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከጎኑ ካለው ቆዳ የጠቆረ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ፣ ሲነካ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካገኘሽ እንዳታሺው። ክብደታቸውን ከዚያ ቦታ አንሺና ለሐኪም አሳዪ። በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥም የተለመደው ምክር ነው።

ሽንት ካመለጣቸው፣ ሁልጊዜ ሳፋ ማቅረብ ስለማትችዪ፣ በመሀሉ ሽቶ የሌለው እርጥብ ዋይፕስ ተጠቀሚ፤ እሱ አይለቀለቅም። ከደረቀ በኋላ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለው ቅባት ቀቢ። እና አንድ ቀን ዘመድ ጥሪና ተኚ። እሱም ከማስታመሙ ይቆጠራል።

«አንዱን ዋይፕስ አጥቤ አድርቄ ሦስት ቀን እጠቀማለሁ። ጓደኛዬ ቆሻሻ ነሽ አለችኝ።» (ከሐይቅ ዳር)

ቆሻሻ አይደለሽም፣ ቆጣቢ ነሽ። ግን አይሠራም። ማጽጃው በመጀመሪያው ቀን ታጥቦ ስለሄደ፣ በሁለተኛው ቀን በእጅሽ ያለው ባዶ ጨርቅ ነው። ባዶ ብቻ ቢሆን ደግ፤ መታጠቢያ ቤት ጥግ እርጥብ ሆኖ ሲያድር ባክቴሪያ ያረባል። ይልቅ ደረቁን ሳይነካካ በመቀስ ለሁለት ቁረጪው። ለፊት ግማሹ ይበቃል። የቀረውን ማሸጊያው ውስጥ መልሰሽ ዝጊበት፣ እርጥብ እጅ እንዳይነካው።

«ባጃጅ ነው የምነዳው። አቧራው ፊቴ ላይ ይጋገራል። ተሳፋሪ እስኪመጣ በዚህ ደረቅ ዋይፕስ ልጠረግ?» (ከቱላ መስመር)

በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ከያዝክ አዎ፣ ካልያዝክ አይሆንም። ሳታለቀልቅ ከቀረ ፊትህ ላይ ሳሙና ቀብተህ ፀሐይ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ውሃ ከያዝክ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ? ውሃውና ንጹህ መሀረብ ራሳቸው ይበቁሃል።

«እርጥብ ዋይፕስ በተጠቀምኩ ቁጥር ጉንጬ ያሳክከኛል፣ ይላጣል። ዋጋው ውድ የሆነውን ብገዛስ?» (ስም አይጠቀስ)

ዋጋው አያድንሽም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሽቶው ወይም ውሃው እንዳይበላሽ የሚጨመረው መከላከያ ነው። ከመከላከያዎቹ አንዱ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ይባላል። የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2013 «የዓመቱ አለርጂ ቀስቃሽ» ብሎ ሰይሞታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ተቀብተው ሳይታጠቡ ከሚቀሩ መዋቢያዎች ውስጥ በ2017 አስወጥቶታል። ማሸጊያውን ገልብጪና በ«ሜቲል» ጀምሮ በ«ቲያዞሊኖን» የሚያልቅ ረጅም ስም ካየሽ መልሺው።

አዲስ ዕቃ ስትገዢ መጀመሪያ ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ለተወሰኑ ቀናት ሞክሪው። አለርጂ በማግስቱ ላይወጣ ይችላል። የተላጠው እስኪድን ለብ ያለ ውሃና ቫዝሊን ብቻ። ካልተሻለሽ የቆዳ ሐኪም። ከጓደኛ ቦርሳ የወጣ ስም የሌለው ክሬም ግን እንዳትነኪ፣ ለምኜሻለሁ።

«ሽንት ቤት ውስጥ ቢጣል ችግር አለው?»

አለው። እንደ ሶፍት አይበተንም። አብዛኛው ከፖሊስተር ወይም ፖሊስተር ከተቀላቀለበት ክር ስለሚሠራ ጉድጓዱ ውስጥ ይከማቻል፣ ቱቦ ይዘጋል፣ መጣጭ መኪና ሲመጣም ቱቦው ውስጥ ይሰነቀራል። ሜዳ ላይ መጣሉም ያው ነው። ዝናብ ጠርጎት ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ ወንዝ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም፤ የገባው ቆሻሻ እዚያው ነው። ባለፈው አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ሄጄ አንድ አባ ኮዳ ነጭ ዋይፕስ ከጭቃው መዞ፣ የዓሣ አንጀት መስሎት ሁለት ጊዜ ሊውጥ ሲታገል አየሁ። በመጨረሻ ተፋው። ቅርጫት ውስጥ ጣሉት፣ እባካችሁ።

«ለአራት ወር ልጄ ይሆናል?»

የሚያረፋው አይሆንም። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ በቂው ነው።

«ዋጋው አናደደኝ። እቤት መሥራት አይቻልም? አያቴ በእንዶድ ሥሩ ትላለች።» (ከአላሙራ)

አያትሽ አረፋውን አውቀውታል። እንዶድ ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለው እንደ ሳሙና ያረፋል፣ ለነጠላና ለጋቢ ወደር የለውም። ግን ለፊት አይሁን፤ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል። ሲወቀጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ማስነጠሱን ያውቀዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩት በዚሁ በእንዶድ አጠባ ምክንያት ነው። ቀንድ አውጣ የገደለ ነገር ጉንጭሽን አይምርም።

ጨርቅ ሳሙና ነክሮ ማስቀመጡም አያዋጣም፤ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። እኔ የማደርገው ይህን ነው። አንድ ያረጀ ለስላሳ ፎጣ ለስድስት ቆርጬ ጠርዙን አሰፋሁ። በቀን አንድ። ማታ አርሼ፣ የፈሳሽ ፊት ሳሙና ጠብ አድርጌ አሸዋለሁ፣ ያረፋል። ቅዳሜ ስድስቱንም በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። እሁድ በእጄ እታጠባለሁ።

«ለወንድስ ይሆናል?»

ፊት አለህ አይደል? ይሆናል። ፂምህን በተላጨህ ዕለት ለስላሳውን ጎን ብቻ ተጠቀም። ሻካራው ለተረከዝህ።