ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰርቨር ከውጭ ለምን እምቢ ይላል?

ወንድሜ፣ ሰርቨርህ በቤት ዋይፋይ ይከፈታል፤ ከውጭ ግን እምቢ ብሏል። ራውተሩ ላይ ፖርት 443ን (የድረ ገጽ ጥያቄ የሚገባበትን በር) ከፍተሃል። አሁን «ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው ወይ?» ነው ጥያቄህ። ኧረ ተው! ቤት ውስጥ ከሌላ ስልክ ከተከፈተ ሰርቨሩ ደህና ነው። የሚፈተሸው መንገዱ ነው።

መጀመሪያ ራውተሩ ውስጥ ግባና ከኢንተርኔት አቅራቢህ የተሰጠውን አይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ የሚያገኙህበትን ቁጥር) እይ። ከዚያ ቪፒኤን (አድራሻህን በሌላ የሚተካ መስመር) ካለህ አጥፋና አድራሻህን ከሚያሳዩ ድረ ገጾች አንዱን ክፈት። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ፖርት መክፈቱ ብቻውን አይጠቅምህም። ራውተሩ ላይ ያለው በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ፣ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ሌላ ራውተር አለ ማለት ነው። ያኛውን ብሪጅ አድርገው፤ ማለትም አድራሻውን ሳይነካ ለራውተርህ እንዲያሳልፍ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን አቅራቢህ አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። ሲጂናት የሚባለው ይሄ ነው። ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ እነሱ ጋ ይቀራል፤ ያንተ ራውተር ጋ አይደርስም። እርዳኝ ብለው ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይሄው ነው። የሚመጡትም አዲስ ራውተር ከገዙ በኋላ ነው!

ቁጥሮቹ አንድ ከሆኑ በሞባይል ዳታ ሞክር። በቤት ዋይፋይ ሆነህ በውጭ አድራሻው አትሞክር፤ ብዙ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ የሚመለስ ጥያቄ አያስተናግድም። እየሞከርክ ሳለ ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕን (የሚገባና የሚወጣውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍተህ ፖርት 443ን ተመልከት። ምንም ካልመጣ ችግሩ ከሰርቨሩ በፊት ነው። ምናልባት የሰርቨሩ የቤት አድራሻ ተቀይሮ ፖርቱ ወደ ባዶ ቦታ እየጠቆመ ይሆናል፤ ዲኤችሲፒ ላይ (ራውተሩ የቤት አድራሻ በሚያድልበት ክፍል) ቋሚ አድርግለት። ጥያቄው ደርሶ መልስ ከሌለ ደግሞ የሰርቨሩን ፋየርዎል (ማን እንደሚገባ የሚወስነውን ጥበቃ) እይ። የቤቱን ኔትወርክ ብቻ የሚፈቅድ ሕግ ሊኖር ይችላል።

ሲጂናት ከሆነ አቅራቢውን የራስህ አድራሻ ጠይቅ። ከከለከሉህ አይፒቪ6 (እጅግ ብዙ አድራሻ ያለው አዲሱ የአይፒ ዓይነት) መኖሩን እይ። እሱም ከሌለ ውጭ ትንሽ ሰርቨር ተከራይና ከቤትህ ወደዚያ በዋየርጋርድ (የቪፒኤን ፕሮግራም ነው) መስመር ዘርጋ፤ ከውጭ የሚመጣው በዚያ በኩል ይገባልሃል። «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» የሚለውን 25 አድርገው፣ በየ25 ሰከንዱ ምልክት ይልካል፤ አለበለዚያ መስመሩ ዝም ሲል መንገዱ ይዘጋል። ትንንሽ ገጾች ተከፍተው ትልልቆቹ መሃል ላይ ከቆሙ የመስመሩን ኤምቲዩ (በአንድ ጊዜ የሚላከውን የመረጃ መጠን ጣሪያ) ከ1420 ዝቅ አድርግ።

አቅራቢዎች እንዲህ ማድረጋቸው ልክ ነው ወይ ላልከው ደግሞ፣ አድራሻ በማካፈላቸው አልፈርድባቸውም። የድሮው የአይፒ ዓይነት፣ አይፒቪ4፣ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ነው ያለው፤ የዋናው ክምችት የመጨረሻ ድርሻም እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፋፍሎ አልቋል። የሚያናድደኝ አይፒቪ6ን እያዘገዩ፣ ውሉ ላይ «ቤት ውስጥ ሰርቨር ክልክል ነው» ብለው መጻፋቸው ነው። የኔት ገለልተኝነት (አቅራቢው የኢንተርኔት ትራፊክን ሳያበላልጥ ያስተላልፍ የሚለው) ክርክር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ቪዲዮ ፍጥነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2015ቱ ደንብ ግን ተጠቃሚው መረጃ የማሰራጨት፣ አገልግሎት የማቅረብና የራሱን መሣሪያ የመምረጥ መብት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። ሕግ አውጪዎች ከዚያ ደንብ የሚቀዱት ነገር ካለ ይሄ ይሁን እላለሁ። ከዚያ በተጨማሪ፣ አድራሻው የጋራ መሆኑ ከሽያጭ በፊት እንዲነገር ቢገደዱ አንተም ፖርት ስትከፍትና ስትዘጋ ባልከረምክ ነበር።