ኒው ኦርሊንስን ከጎርፍ የሚጠብቀው ገንዘብ ለምን ዘገየ? ጥያቄና መልስ

ስለ ኒው ኦርሊንስ የጎርፍ መከላከያና ስለ አሜሪካ መንግሥት የበጀት አመዳደብ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ። ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ ከተማዋ የተጥለቀለቀችው ለመከላከያው የሚሆነው ገንዘብ ወደ ኢራቅ ጦርነት ስለዞረ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ ብቻ ነው። ቤትሲ የተባለው አውሎ ነፋስ በ1965 ከተማዋን ከመታ በኋላ ኮንግረስ በዚያው ዓመት ከከተማዋ በስተሰሜን ባለው በፖንቻርትሬይን ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን አካባቢዎች ከማዕበል የሚከላከል ሥራ ፈቀደ፤ ሥራውም በ85 ሚሊዮን ዶላር በ13 ዓመት ውስጥ እንደሚያልቅ ተገምቶ ነበር። ካትሪና ስትደርስ ግን ግምቱ 738 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ፣ የማጠናቀቂያው ጊዜም ወደ 2015 ተሸጋግሮ ነበር። ይህ መጓተት ከኢራቅ ጦርነት በፊት፣ በሁለቱም ፓርቲዎች ፕሬዚዳንቶች ዘመን ሲከማች የኖረ ዕዳ ነው። እርግጥ ነው፣ ዋይት ሐውስ ለዚህ ሥራ ለ2005 የበጀት ዓመት የጠየቀው 3.9 ሚሊዮን፣ ለ2006 ደግሞ 3 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ስለነበር አዲስ የግንባታ ውል ለመፈራረም እንኳ አይበቃም ነበር። ይሁን እንጂ ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ቢሰጥም በከተማዋ ያለው የ17ኛው መንገድ የውኃ ማፍሰሻ ቦይ ግድግዳ አይተርፍም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ግድግዳው የተደረመሰው ውኃው ከአናቱ ሳይደርስ፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ አፈር ስለከዳው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥፋቱ የበጀት ሳይሆን የመሐንዲሶች ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለቱን መለያየት አስቸጋሪ ነው። ገንዘብ በየዓመቱ በጠብታ ሲለቀቅ ሥራው ይቆራረጣል፤ አንዱ ክፍል በአንድ ዘመን፣ ሌላው በሌላ ዘመን፣ በተለያየ ከፍታና በተለያየ ቁሳቁስ ይገነባል። አንዳንዱ ግድግዳ የመሬቱን መስመጥ ባላገናዘበ አሮጌ የከፍታ መለኪያ ስለተሠራ፣ በወረቀት ላይ ከተጻፈው ቁመት አንሶ ተገኝቷል። መከላከያውን የነደፈውና የገነባው የአሜሪካ የጦር መሐንዲሶች ክፍል ራሱ በ2006 የንድፍ ጉድለት መኖሩን አምኗል። በፍርድ ቤት ካሳ መጠየቁ ግን ብዙም አላዋጣም፤ በ1928 የወጣው የጎርፍ መከላከያ ሕግ የፌደራሉን መንግሥት ከተጠያቂነት ይከልላልና።

ጥያቄ፦ መንግሥት የትኛው ከተማ ቅድሚያ እንደሚያገኝ የሚወስነው እንዴት ነው?

መልስ፦ ዋናው ሚዛን የሚወጣው ወጪ ከሚያስቀረው ጉዳት ጋር የሚነጻጸርበት ስሌት ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚለካው በንብረት ዋጋ በመሆኑ ርካሽ ቤቶች ያሉበት ሰፈር በሚዛኑ ላይ ይቀልላል፤ በእኔ ግምት የአሠራሩ ትልቁ ግድፈት ይህ ነው። ከኒው ኦርሊንስ በስተምዕራብ ያለችው ላፕላስ የክትሯ ጥናት የተጀመረው በ1970ዎቹ ሲሆን፣ የግንባታ ገንዘብ የተመደበላት በ2018 ነው። በ2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሥራው ስላልደረሰላት በውኃ ተዋጠች። የወጪ መጋራቱም ሌላ ጫና ነው፤ ለአዲስ ግንባታ ፌደራሉ ብዙውን ጊዜ 65 ከመቶ ሲሸፍን ቀሪው 35 ከመቶ የአካባቢው ድርሻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዛሬስ ኒው ኦርሊንስ በቂ መከላከያ አላት?

መልስ፦ ከካትሪና በኋላ ወደ 14.5 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶ፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ባለው በቦርን ሐይቅ በኩል ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የማዕበል መከላከያ ጭምር ተሠርቷል። አይዳ ልክ በካትሪና 16ኛ ዓመት ዕለት ስትደርስ ይህ ሥርዓት ውኃውን መልሷል። ሆኖም የተሠራው በየዓመቱ 1 ከመቶ የመድረስ ዕድል ላለው ማዕበል ነው። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ለቤቱ የወሰደውን ብድር በ30 ዓመት ከፍሎ እስኪጨርስ ዕድሉ ከ4 አንድ በላይ ይሆናል። ኔዘርላንድስ ለዋነኛ የባሕር ዳርቻዋ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የያዘችው መለኪያ በ10,000 ዓመት አንዴ የሚደርስ ማዕበል ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። በቅድሚያ ልዩነቱን ልብ ይበሉ፤ ኒው ኦርሊንስ የሚያሰጋት ከባሕር የሚገፋ፣ ቀናት ቀድሞ የሚታይ ማዕበል ሲሆን ደቻቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይቆይና በሐረርጌ ደጋ በጣለ ዝናብ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። ስለዚህ ለድሬዳዋ ከግንቡ እኩል፣ ምናልባትም ይበልጥ፣ የሚያስፈልጋት የላይኛው ተፋሰስ እርከንና የደን ሥራ፣ በደጋው ዝናቡን ለክቶ ወዲያው የሚያስጠነቅቅ ሰው፣ እንዲሁም ከወንዙ አፋፍ የሚነሱ ነዋሪዎች የሚሰፍሩበት መሬት ነው። የሚያሳስበኝ ተፋሰሱና ከተማው በተለያዩ አስተዳደሮች ሥር መሆናቸው ነው፤ እርከኑን የሚሠራው የኦሮሚያ ገበሬ፣ ጥቅሙን የሚያገኘው የድሬዳዋ ነዋሪ ስለሆነ የጋራ በጀት ካልተያዘ ሥራው ባለቤት ያጣል።

ጥያቄ፦ የኒው ኦርሊንስ መከላከያ ከተገነባ በኋላ ጥገናውን የሚከፍለው ማን ነው?

መልስ፦ የአካባቢው ባለሥልጣን ነው፤ ምንጩም በዋናነት የንብረት ግብር ነው። የጦር መሐንዲሶቹ ክፍል በ2019 መሬቱ በመስመጡና ባሕሩ ከፍ በማለቱ ክትሮቹ ከፍ ተደርገው ካልታደሱ ከ2023 ጀምሮ ከታቀደላቸው ደረጃ ሊያንሱ እንደሚችሉ አስታውቋል። ዝናቡን ከከተማዋ የሚያወጡት ፓምፖች ደግሞ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ናቸው፤ በነሐሴ 2017 ከባድ ዝናብ ሲጥል በርካታ ፓምፖች እንደማይሠሩ የታወቀው መንገዶቹ ከተጥለቀለቁ በኋላ ነበር።