መልስ፦ ኦገስት ላይ ፒካቡ እና ስፑኪ በቤት መኪና ይደረሳሉ?

ፒካቡ እና ስፑኪ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ያሉ፣ በአለት መካከል የተሰነጠቁ በጣም ጠባብ ሸለቆዎች ናቸው። ይደረሳሉ፣ ግን ሰማዩን አይተህ ነው። ግራንድ ስቴርኬዝ ኤስካላንቴ በሚባለው ጥብቅ ስፍራ ውስጥ በሆል ኢን ዘ ሮክ መንገድ ከሀይዌይ 12 እስከ ድራይ ፎርክ፣ ማለትም ወደ ሸለቆዎቹ እስከሚወስደው መገንጠያ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት የለውም። ሲደርቅ ያንገጫግጫል እንጂ ያስኬዳል። ሲዘንብ ግን ሸክላ አፈሩ ይላቁጥና በአራቱም ጎማ የሚነዳውን መኪና ሳይቀር ያቆማል። ያኔ አትታገል፣ እስኪደርቅ ጠብቅ። ከመገንጠያው በኋላ ላይኛው መቆሚያ ላይ አቁምና በእግርህ ውረድ።

ዋናው አደጋ ጎርፍ ነው፣ በተለይ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር። አለቱ ውሃ ስለማይመጥ፣ አንተ ጋ ፀሐይ ሆኖም ርቆ የዘነበው ሸለቆውን ሊሞላው ይችላል። ትንበያውን ለከተማው ብቻ ሳይሆን ለተፋሰሱ በሙሉ እይ፤ ኤስካላንቴ ከተማ ያለውን የጎብኚዎች ማዕከልም ጠይቅ። ማለዳ ግባ፣ ከቀትር በፊት ውጣ።

በፒካቡ ሽቅብ ወጥተህ በስፑኪ ውረድ። ስፑኪ አንዳንድ ቦታ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጠብ ቦርሳህን አውልቀህ በጎንህ ታልፋለህ፤ ደረተ ሰፊ ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዝ። ሜዳ ላይ ለማደር ፈቃድ ግድ ነው፣ ክፍያ የለውም።