መስኮቱን ለጊዜው ተይውና አቲክ ላይ ውጪ

ሰላም እህቴ። እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ!

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። እህታችን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1951 የተሠራ የጡብ ቤት ገዝታለች። ላይ ያለው የልጆቹ ክፍል በዊንተር ይበርዳል፣ በሰመር ምጣድ ነው። የጋዝና የመብራት ቢሉ አስደንግጧታል። አንድ ሻጭ በር አንኳኩቶ "ችግሩ መስኮቶቹ ናቸው፣ ሁሉንም እንቀይርልሽ" ብሏታል። የጠራው ዋጋ ደህና መኪና ይገዛል። "ልቀይር ወይስ ሌላ መላ አለ?" ነው የምትለው።

አትቀይሪ። ቢያንስ አሁን አትቀይሪ። መጀመሪያ ቀዳዳ መድፈን፣ ቀጥሎ አቲኩን (ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ) ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት የሚያቆይ ነገር፣ ማልበስ፣ መስኮት መጨረሻ። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ሠርቼው ነው የተቃጠልኩት።

ዊተን ያለው ቤታችን በ1954 የተሠራ ነው። ራምብለር የሚሉት፣ ፎቅ የሌለው፣ ከሥሩ ቤዝመንት ያለው። ስንገዛው አቲኩ ውስጥ የነበረው ፋይበርግላስ፣ እንደ ጥጥ ያለው ኢንሱሌሽን፣ አራት ኢንች አይሞላም፣ ሰው የተኛበት ይመስላል። በመጀመሪያው ዊንተር እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሳሎን ተቀምጣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ "ልጄ፣ ይሄ ቤት ያፏጫል" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ካለው መብራት ዙሪያ ድምፅ ይመጣል። እኔ ግን ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

በዓመቱ አንድ ኩባንያ ጠርቼ በአሮጌው ላይ አዲስ ኢንሱሌሽን አስነፋሁ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። ማሽናቸውን ውጭ አቁመው፣ በቱቦ ነፍተው፣ ቼካቸውን ይዘው ሄዱ። ቢሉ ትንሽ ወረደ። ብርዱ ግን እዚያው። ይባስ ብሎ ፌብሩዋሪ ላይ አቲክ ስወጣ የጣሪያው እንጨት ከውስጥ ጠቁሯል፣ የምስማሮቹ ጫፍ ላይ ውርጭ ተንጠልጥሏል። ለካ የሻወር ቤቱ ፋን እንፋሎቱን የሚተፋው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ አቲኩ ኖሯል። ሰዎቹ ሳያዩት በኢንሱሌሽን ቀብረውት ነው የሄዱት።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ኢንሱሌሽን ጋቢ ነው። ጋቢ ሙቀት ያቆያል እንጂ ነፋስ አያቆምም። እንጦጦ ላይ ነፋስ ባለበት ቀን ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ፋይበርግላስም እንደዚያው ነው፣ አየሩ በመሀሉ ሰንጥቆ ያልፋል።

ቤቱ ደግሞ በዊንተር ራሱ እንደ ጭስ ማውጫ ይሆናል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣና በኮርኒሱ ቀዳዳዎች ወደ አቲክ ያመልጣል። በወጣው ልክ ቀዝቃዛ አየር ከታች፣ ከቤዝመንቱ ዙሪያ ይሳባል። ሳሎን ተቀምጠሽ እግርሽን የሚበርድሽን ነፋስ የሚጠራው አናትሽ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። ለዚህ ነው ሥራው ከላይ የሚጀመረው።

ልብ ስገዛ ኦዲት፣ ማለትም ቤቱ የት የት እንደሚያፈስ የሚለካ ምርመራ፣ አስደረግሁ። ፊት ለፊት ያለው በር ላይ ሸራ ወጥረው ትልቅ ፋን ይገጥሙበታል፣ ብሎወር ዶር ይሉታል። ፋኑ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል። ግፊቱ 50 ፓስካል ነው፣ በሰዓት 20 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ቤቱን በሁሉም በኩል ቢመታው እንደማለት። የኛ ቤት በደቂቃ 3,400 ኪዩቢክ ጫማ አየር ያፈስ ነበር። ኦዲተሩ "እጅህን መስኮቱ ጋ አድርግ" አለኝ። ትንሽ ሽው ይላል። "አሁን ኮሪደሩ ላይ የአቲኩ ክዳን ጋ አድርግ" አለኝ። ፀጉሬ ተነሳ! በዚያች ደቂቃ መስኮት የመቀየር ሐሳቤ ሞተ።

ኦዲት እስክታስደርጊ በእጣን መሞከር ትችያለሽ። ቀልድ አይደለም፣ እዚህ ያሉት ባለሙያዎችም የእጣን እንጨት ለኩሱ ነው የሚሉት። ነፋስ ያለበት ቀዝቃዛ ቀን ምረጪ። መስኮትና በር ዝጊ። ፈርነሱን (የቤት ማሞቂያውን)ና የጋዝ ዋተር ሂተሩን (የውሃ ማሞቂያውን) አጥፊ፣ ይሄን እንዳትረሺ። ከዚያ የኪችኑንና የሻወር ቤቱን ፋን አብሪና እጣኑን ይዘሽ ዙሪ። ጭሱ ወደ ጎን የተወረወረበት ቦታ ቀዳዳ ነው። የመብራት ሶኬት ሥር፣ የእሳት ምድጃው አጠገብ፣ ቤዝመንት የሚወስደው ደረጃ ላይ ሞክሪው።

አቲክ ስትወጪ ኢንሱሌሽኑን ገለጥ ገለጥ አድርጊ። ፋይበርግላሱ የጠቆረበት ቦታ ካየሽ አየር ሲያልፍበት ኖሯል፣ አቧራውን አጣርቶ ያስቀረው እሱ ነው። እኔ በጥቁሩ ተመርቼ ነው ቀዳዳዎቹን ያገኘሁት። ሽቦ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በግድግዳው አናት ላይ ተደርድረዋል። የሽንት ቤቱ ቱቦ ጣሪያ በሚወጣበት ዙሪያ ጭንቅላት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። እነዚህን በጣሳ በሚሸጠው ፎም፣ ሲረጭ ተነፍቶ በሚደርቀው አረፋ፣ መድፈን ነው። ለስንጥቅ ደግሞ ኮክ አለ። የሚበላው ኮክ አይደለም፣ በቱቦ የሚጨመቀው ማጣበቂያ ነው። ለአቲኩ ክዳን ወፍራም የፎም ሰሌዳ ከላይ ለጠፍኩበት፣ ዙሪያውን ለበር የሚሆነውን ስፖንጅ አደረግሁለት።

ጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን ፎም እንዳትነኪ፣ ይቃጠላል። እዚያ ቆርቆሮ ተቆርጦ ነው የሚገባው፣ ጠርዙም እሳት በሚችለው ኮክ ይዘጋል። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ ክብ መብራቶች ካሉሽ "አይ ሲ" (IC) የሚል ምልክት ፈልጊ። ከሌላቸው ኢንሱሌሽን ሊነካቸው አይገባም፣ ሦስት ኢንች መራቅ አለበት። እኔ አምፖል ቤቶቹን ቀይሬ ተገላገልኩ።

ሀገር ቤት በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይሄ ሥራ አይከብደውም። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ጭድና ጭቃ አቡክቶ መምረግ ነበር። ይሄም ያው ምርጊት ነው፣ ጭቃው ፎም ሆነ እንጂ። አንድ ልዩነት አለ። ጭቃ ይታጠባል፣ ፎም ግን እጅሽ ላይ ከደረቀ ሳምንት ይዘሽው ትዞሪያለሽ። ጓንት፣ ማስክ፣ መነጽር አድርጊ።

ከላይ ስጨርስ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። የቤቱ እንጨት የብሎኬቱ መሠረት ላይ በሚያርፍበት ዙሪያውን፣ ሪም ጆይስት በሚሉት ቦታ፣ ሁለት ኢንች የፎም ሰሌዳ እየቆረጥኩ አስገብቼ ጠርዙን በፎም ዘጋሁ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ኦዲተሩ ተመልሶ ሲለካ 2,150 ላይ ወረደ። አንድም መስኮት አልተነካም።

አሁን ወዳንቺ ቤት ልምጣ። ከለጠፍሽው ፎቶ እንደማየው ኬፕ ኮድ የሚሉት ዓይነት ነው፣ ላይኛው ክፍል ጣሪያው ውስጥ የገባ። የሚስቴ ወንድም ቤት ልክ እንደዚያ ነው፣ አብረን ሠርተነዋል። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ወገብ የሚደርስ አጭር ግድግዳ አለ አይደል? ከጀርባው ጨለማ ጓዳ ይመስላል፣ ሰው ሻንጣና የገና ዛፍ ያስቀምጥበታል። ያ ቦታ ውጭ ነው። የውጭ ነፋስ ነው ያለበት። አብዛኛው ሰው አጭሩን ግድግዳ ኢንሱሌሽን ያለብሰውና "ጨረስኩ" ይላል። ነፋሱ ግን ከግድግዳው ሥር፣ በወለሉ እንጨቶች መካከል ገብቶ ልጆቹ በሚረግጡት ወለልና ከታች ባለው ኮርኒስ መሀል ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ልጆቹ "ወለሉ ይበርዳል" የሚሉት ለዚህ ነው።

መፍትሔው አሰልቺ ነው ግን ይሠራል። በየሁለቱ እንጨት መካከል፣ ልክ ከአጭሩ ግድግዳ ሥር፣ የፎም ሰሌዳ ቆርጦ መሰካትና ዙሪያውን በፎም መዝጋት። እኛ በተንበረከክንበት ቀኑ መሸ። ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ወደዚያ ጓዳ የምትገባው ትንሿ በርም እንደ ውጭ በር ታስባ ስፖንጅና መቆለፊያ ያስፈልጋታል።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ማልበሱ። ለኛ አካባቢ ለአቲክ የሚመከረው ከአር 49 እስከ አር 60 ነው። "አር" ሙቀትን የመቋቋም መለኪያ ነው። ከጋዜጣ ወረቀት የሚሠራው ሴሉሎስ በአንድ ኢንች 3.5 ያህል ይሰጣል፣ ስለዚህ ለአር 49 ወደ 14 ኢንች መሆኑ ነው። ሻጭ ከ60 በላይ ልሂድልሽ ቢልሽ አትስሚው። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ ኢንቾች ናቸው። ራስሽ ልትነፊውም ትችያለሽ፣ ትልልቆቹ የዕቃ መደብሮች በርከት አድርገሽ ከገዛሽ ማሽኑን በነጻ ያውሳሉ። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ያሉትን የአየር ማስገቢያዎች ብቻ እንዳትደፍኚ። ግድግዳውን ደግሞ እርሺው። በኛ ሰፈር ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቤቶች ጡብ ከኋላው ብሎኬት ናቸው፣ የሚነፋበት ክፍተት የላቸውም።

መስኮቶቹ የሚያፈሱ ከሆነ ኮክና ከውጭ የሚደረብ ሁለተኛ መስኮት፣ ስቶርም ዊንዶው የሚሉት፣ ይበቃል። መስኮቱ ራሱ ከበሰበሰ ሌላ ነገር ነው።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። አቲኩ ውስጥ ግራጫ ወይም ወርቅማ፣ እንደ ጠጠር የሚያብለጨልጭ ነገር ካየሽ ቨርሚኩላይት የሚሉት የድሮ ኢንሱሌሽን ሊሆን ይችላል። አትንኪው፣ አትጥረጊው። እስከ 1990 እዚህ አገር ይሸጥ የነበረው አብዛኛው ከሞንታና፣ ሊቢ ከሚባል ቦታ የወጣና አስቤስቶስ፣ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳው ማዕድን፣ የተቀላቀለበት ነው። ባለሙያ ይየው። ቤትሽ ከ1978 በፊት ስለተሠራ የአሮጌ ቀለም እርሳስም አለ ብለሽ አስቢ፣ መስኮት አካባቢ በደረቁ አትፈቅፍቂ።

ሁለተኛው ፍርሃቴ የኛው የሐበሾች ነው። ቤት ቀዳዳው ሲደፈን ውስጡ ያለው ሁሉ እዚያው ይቀራል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የኛ መስኮቶች ውሃ ያለቅሱ ጀመር። ሽንኩርት ሲቁላላማ ሽታው እስከ ማግስቱ ነው። የኪችን ፋንሽ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆኑን እይ፣ ብዙዎቹ ሽታውን አዙረው ፊትሽ ላይ ነው የሚመልሱት። ምጣድ ስትጥጂ ፋኑ ይብራ። ቡና በከሰል ማፍላት ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ ቀርቷል በይ። ከሰሉ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፣ ሀገር ቤት ስንቱ ነው ታፍኖ ያደረው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ቡናው ያው ቡና ነው። እናቴ በዚህ አትስማማም።

ዋተር ሂተርሽ የጋዝ ከሆነና በጭስ ማውጫ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ከደፈንሽ በኋላ ባለሙያ ይለካው። ቀዳዳው በተደፈነ ቤት ውስጥ ፋን ሲበራ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። በየፎቁ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም አድርጊ። የሬዶን ልኬትም ድገሚ፣ ሬዶን ከመሬት የሚወጣ የማይታይ ጎጂ ጋዝ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ ቤት ከመሸጡ በፊት እንዲለካ ያስገድዳል፣ ስለዚህ ከወረቀቶችሽ ውስጥ ውጤቱ ይኖራል። ከሥራው በኋላ እንደገና ለኪና በሊትር 4 ፒኮኩሪ (የሬዶን መለኪያ ነው) ከደረሰ ወይም ካለፈ አስተካክዪ።

ስለ ገንዘቡ። የመብራት ቢልሽን አውጥተሽ እዪ፣ ኤምፓወር የሚል መስመር አለ፣ የሜሪላንድ የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም ነው። ያ ገንዘብ ካንቺ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ጥቅሙንም ውሰጂ። ኦዲት በቅናሽ፣ ለኢንሱሌሽንና ለቀዳዳ ድፈናም ሪቤት (ተመላሽ ገንዘብ) የሚመጣው ከዚያ ነው። መጠኑ ስለሚቀያየር ከመፈረምሽ በፊት ለመብራት ኩባንያሽ ራስሽ ደውለሽ ጠይቂ። የፌዴራሉ የታክስ ቅናሽ፣ 30 በመቶ እስከ 1,200 ዶላር የነበረው፣ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለተሠራ ሥራ የለም። ሻጭ አሁንም በሱ ካባበለሽ ሌላውንም ወሬውን ጠርጥሪው። ገቢ ዝቅ ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ዌዘራይዜሽን የሚባለው አለ፣ ብቁ ከሆንሽ ሥራውን በነጻ ይሠራሉ። ለዚህ የስቴቱን የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት መሥሪያ ቤት ጠይቂ።

ኮንትራክተር ስታናግሪ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ "ከመንፋታችሁ በፊት ምን ምን ትደፍናላችሁ?" ዝርዝር ካልነገረሽ ሸኚው። የኔዎቹን ይሄን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ ባልከፈልኩ።

ጁላይ ላይ አቲክ እንዳትሞክሪ፣ ሰው ያበስላል። ኦክቶበር ጥሩ ነው፣ ጠዋት ጠዋት። እንጨቶቹን ብቻ እየረገጥሽ ሂጂ፣ በመሀላቸው ከረገጥሽ እግርሽ በሳሎኑ ኮርኒስ ነው የሚወጣው። ይሄንንም በደረሰብኝ ነው የማውቀው። ከአጭሩ ግድግዳ ጀርባ ያለውን ጓዳ ፎቶ አንሺና ለጥፊው፣ አይተን እንነጋገራለን። የፎም ሽጉጡን ከፈለግሽ እኔ ጋ አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተሽ ውሰጂው።