«ሕዋስ»፣ «ሴል» ወይስ «በአት»? ስለ ሥነ ሕይወት ቃላት የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ የምኖር አባት ነኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ኤፒ ባዮሎጂ የሚባለውን ከፍ ያለ ትምህርት ወስዳ አሁን ለፈተናው እየከለሰች ነው። በእንግሊዝኛ ያጠናችውን ማታ ማታ በአማርኛ እንድትነግረኝ አደርጋለሁ። በቀደም «ዓይንና ጆሮ የስሜት ሕዋሳት ናቸው» አልኳት፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «ኒውሮን ማለት የነርቭ ሕዋስ ነው» ስላት «እንዲህ ከሆነ ዓይን አንድ ሴል ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። ትክክሉ የትኛው ነው? «ሴል» ብለን ብንተወውስ? «ብርሃን አስተፃምሮ» እና «ዝግመተ ለውጥ» የሚሉትንስ እንዳሉ እንያዛቸው?

መልስ፦ የልጅዎ ጥያቄ እኔም ለረጅም ጊዜ ስሟገትበት የቆየሁትን ነገር ስለ ነካ፣ መልሱ ከተለመደው ረዘም ቢል ይታገሡኝ ዘንድ እለምናለሁ። አጭሩ መልስ ዓይን አንድ ሕዋስ አይደለም የሚል ነው፤ በአንድ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት ብቻ ተቆጥረው ከመቶ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ረጅሙ መልስ ግን አማርኛ አንድን ቃል ለሁለት ጌቶች ማስገዛቱን የሚመለከት ነው።

በቀደመው አነጋገር ሕዋስ ማለት የስሜት መቀበያ ነው። ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ አምስቱ ሕዋሳት ይባላሉ። በዐቢይ ጾም ሰባኪው «ሕዋሳታችን ሁሉ ይጹሙ» ሲል ዓይን ክፉ ከማየት፣ ጆሮም ሐሜት ከመስማት ይከልከል ማለቱ እንጂ ለሰውነታችን ግሉኮስ ይቋረጥበት ማለቱ አይደለም። የቃሉን ምንጭ በተመለከተ ሁለት አስተያየት አለ። አንደኛው ከግእዙ ሖሰ፣ ተሐውሰ፣ ማለትም ተንቀሳቀሰ ከሚለው ግሥ ያወጣዋል፤ ስሜት ያለው ነገር ሲነኩት ይንቀሳቀሳልና። ሁለተኛው ከዐረብኛው «ሐዋስ» ጋር ያገናኘዋል፤ የዐረብኛው ቃል ትርጉሙ ያው የስሜት መቀበያ ሲሆን፣ ራሱ የ«ሓሳ» ብዙ ቁጥር ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ የእኛ «ሕዋሳት» ብዙውን እንደገና ያበዛ ቃል ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም በቋንቋችን አዲስ አይደለም። እኔ ትርጉሙ ሳይዛነፍ የሚገጥመው በዚህኛው መንገድ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በሁለቱም መንገድ ቢሄዱ ፊደሉ ሐመሩ ሐ ነውና በሃሌታው «ህዋስ» ብሎ መጻፍ ከየትኛውም ወገን ድጋፍ አያገኝም። በሁለቱም መንገድ ቢሄዱ ደግሞ «ትንሽ ክፍል» የሚል ትርጉም አያገኙበትም።

«ሴል» ግን ከላቲኑ «ሴላ» የመጣ፣ ዋና ትርጉሙም ትንሽ ክፍል የሆነ ቃል ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በስሱ የቆረጠውን ቡሽ በማጉያ መሣሪያ ሲመለከተው እንደ ማር እንጀራ ባዶ ክፍሎች የሞሉበት ሆኖ እንዳገኘው ገልጾ፣ ክፍሎቹን በዚህ ስም ጠራቸው። በየመማሪያ ክፍሉ «የመነኮሳት ማደሪያ መስለውት ነው» ተብሎ ይተረካል፤ እሱ የጠቀሰው ግን የማር እንጀራውን ነው። ዐረቦች ቃሉን ሲያዛውሩ የንብ ቀፎ ከሚለው ቃላቸው «ኸሊያ» አሉት፤ ዕብራይስጥም ክፍል ማለት በሆነው «ታ» ይጠራዋል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ክፍልነቱም ቀፎነቱም ቀርቶ ስሜት ሆነ።

ምርጫው የእኔ ቢሆን ኖሮ «በአት» እል ነበር። በአት ገባ ማለት ከሆነው ከግእዙ ቦአ የወጣ፣ መነኩሴው ብቻውን የሚኖርባትን ጠባብ ማደሪያ የሚጠራ ስም ነው። ልጅዎ በክለሳዋ ደጋግማ የምታገኘው ነገር ደግሞ በትክክል ይኸው የመግባትና የመውጣት ጉዳይ ነው። የሕዋሱ ሽፋን ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለ ከልካይ እንዲያልፉ ይፈቅዳል፤ ግሉኮስና እንደ ሶዲየም ያሉ አዮኖች ግን በሽፋኑ ላይ በተተከሉ ፕሮቲኖች በር ካልሆነ አይገቡም፤ ሶዲየምን ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ለማስወጣት ሕዋሱ ኃይል ይከፍላል። ይህን ሁሉ «በአት» የሚለው ስም ገና ሲጠራ ያሳስባል፤ «ሕዋስ» ግን አያሳስብም።

ይሁን እንጂ ቋንቋ እኔን ጠብቆ አልቆመም። ኅብረ ሕዋስ፣ ባለ አንድ ሕዋስ፣ ነጭ የደም ሕዋስ፣ ሕዋሳዊ እየተባለ ቃሉ ልጆች ወልዷል፤ ፖለቲከኞች እንኳ ተውሰውት «የፓርቲ ሕዋስ» ይላሉ። ዛሬ ተነሥቼ «ነጭ የደም በአት» ብል ማንም የሚከተለኝ አይኖርም። ስለዚህ ሳልወድ እጄን ሰጥቻለሁ፤ ሕዋስ ለሴል ይሁን። ሁለት ጌቶች ግን አይኑሩት። ዓይንን፣ ጆሮን፣ አፍንጫን፣ ምላስንና ቆዳን «የስሜት አካላት» ማለት ይገባናል፤ «የስሜት ሕዋሳት» የሚለውንም በእነዚህ አካላት ውስጥ ሆነው ብርሃኑን፣ ድምፁን ወይም ሽታውን ለሚቀበሉት ሕዋሳት እንጠብቀው። እንዲህ ሲሆን ሕዋስ፣ ኅብረ ሕዋስ፣ አካል፣ ሥርዓት የሚለው መሰላል ሳይሰበር ይወጣል፤ ልጅዎም ዓይን በመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ እንጂ በመጀመሪያው ላይ እንዳልሆነ ታያለች። ለሦስተኛው ደረጃ ከ«አካል» ይልቅ «ብልት» የሚለው ይሻል ነበር፤ አካል መላውን ገላም ይጠራልና። ነገር ግን ብልት ዛሬ ከዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ውጭ ሲጠራ ሰው የሚያፍርበት ቃል ስለሆነ አሳልፌዋለሁ።

«ሴል ብሎ መገላገል ነው» የሚለውን አስተያየት ከሙያው ሰዎች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሳይንስ ቃል ዓለም አቀፍ ነው፣ መተርጐም ተማሪን ሁለት ጊዜ ማድከም ነው ይላሉ። ኢንዛይም፣ ሆርሞን፣ ክሮሞሶም፣ ዲኤንኤ ባሉት ላይ አልከራከራቸውም። «ሴል» ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጅ ቃሉን ባዮሎጂ ሳይማር ያውቀዋል፤ ክፍል መሆኑን ያውቃል። ለአማርኛ ሰሚ ግን ባዶ ድምፅ ነው። በሐኪም ቤት «የካንሰር ሴል» መባሉ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ኅብረ ሕዋስን «ኅብረ ሴል» ሲል የሰማሁት ሐኪም ግን እስካሁን የለም።

ወደ «ብርሃን አስተፃምሮ»፣ ማለትም ቅጠል በብርሃን ምግቡን ወደሚሠራበት «ፎቶሲንተሲስ» ስንመጣ፣ ቃሉ ከሚታማው በላይ የተማረ ሰው ሥራ ነው። አስተፃምሮ እንደ አስተዋጽኦና አስተርእዮ በ«አስተ» የሚነሣ የግእዝ አዕማድ ውጤት ሲሆን፣ ሥሩ ፀመረም፣ ፀመደ በአማርኛ ጠመደ እንደሆነ ሁሉ፣ በአማርኛ ጥምር፣ ጥምረት የሚሉትን የሰጠን ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ማጣመር ነው፤ የግሪኩ «ሲንተሲስ»ም አንድ ላይ ማኖር ማለት ነውና ይገጥማል። የምነቅፈው አገናኝ ፊደል አለመኖሩን ነው። «ብርሃን» እና «አስተፃምሮ» ያለ «የ» እና ያለ ዘርፍ ተገጣጥመው ስለቆሙ፣ ሰሚው የሚጣመረው ብርሃኑ ነው ወይስ ብርሃኑ ሌላውን ያጣምራል የሚለውን ከቃሉ ሊያውቅ አይችልም። በግእዙ ሥርዓት «አስተፃምሮተ ብርሃን» ቢባል ደግሞ ይብሱን ብርሃንን ማጣመር ይመስል ነበር። ቅጠሉ የሚያጣምረው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃ ከተገኘው ሃይድሮጅን ጋር ነው። ልጅዎ ለፈተናው መለየት ያለባት ሌላም ነገር አለ፦ በመጀመሪያው ምዕራፍ የብርሃን ሥራ ማጣመር ሳይሆን መለያየት ነው። ውኃ ይሰነጠቃል፣ የምንተነፍሰው ኦክስጅንም ከዚያ ይወጣል። ስኳሩ የሚጣመረው ቀጥሎ በሚመጣው የካልቪን ዑደት ነው፤ ይህም ብርሃኑን በቀጥታ አይጠቀምም፣ በብርሃን የተሠሩትን ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውሎች፣ ኤቲፒንና ኤንኤዲፒኤችን እንጂ።

ቃሉን የሚነቅፉ ሁሉ የፈረንጁም ስም በስምምነት እንዳልወጣ ቢያውቁ መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ቻርልስ ባርንስ የመረጠው «ፎቶሲንታክስ» የሚለውን ነበር፤ ሲንታክስ በእኛ ሙያ አገባብ የምንለው ነው። ያሸነፈው ግን «ፎቶሲንተሲስ» ሆነ። እኔ በባርንስ ወገን ነኝ፤ ለሰዋስው ሰው ከዚህ የተሻለ የቅጠል ስም አይገኝም።

«ዝግመተ ለውጥ» (በፈረንጁ «ኢቮሉሽን») የበለጠ ያስቸግረኛል፤ ይህ ደግሞ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ኤፒ ባዮሎጂን ካቆመባቸው ከአራቱ ታላላቅ ሐሳቦች የመጀመሪያው ስም ነው። በግእዝ ዘርፍ ባለቤቱ ቀድሞ ይቆማል፤ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ቤት እንደሆነ ሁሉ ዝግመተ ለውጥም የለውጥ ዝግመት ነው። የቃሉ ራስ መዝገሙ እንጂ ለውጡ አይደለም ማለት ነው። ዳርዊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1859 በወጣው የመጽሐፉ የመጀመሪያ እትም «ኢቮሉሽን» የሚለውን ስም አልተጠቀመም፤ ይል የነበረው «እየተለወጡ መዋለድ» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ነው። ዝግታው የነገሩ ግዴታ አይደለም፤ በሃያ ደቂቃ የሚራባ ባክቴሪያ በአንድ ሰው የሕክምና ጊዜ ውስጥ ሲለወጥ ይታያል። ቢሆንም ቃሉ ከአብዮት ተቃራኒ ሆኖ በፖለቲካ ንግግር ሳይቀር ስለ ሰፈነ የሚነቅለው የለም።

ከስሙ ይልቅ እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ አንድ ግሥ ነው። በጤና ትምህርት «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ይባላል፤ በመንደርም «ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደው» እንላለን። ለመደ፣ ተላመደ በአማርኛ የሚነገረው ለአንድ ፍጡር ነው፤ በሬ ቀንበር ይለምዳል፣ ሙሽራ ቤት ትለምዳለች። ስለዚህ ይህን አነጋገር የሰማ ልጅ እያንዳንዱ ባክቴሪያ መድኃኒቱን እየቀመሰ ቀስ በቀስ የተደፋፈረ ይመስለዋል። ተፈጥሯዊ ምርጦሽ የሚለው ከዚህ የራቀ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ መድኃኒቱ ሳይመጣ፣ በአጋጣሚ በደረሰ የዘረመል ለውጥ፣ የማይጎዱ ሆነው ይገኛሉ፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል የእነዚህ ዘር ቦታውን ይወርሳል። የለመደ ማንም የለም፤ የተለወጠው የመንጋው ስብጥር ነው። ሉሪያና ዴልብሩክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1943 በባክቴሪያና ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ ላይ ያደረጉት ሙከራ ለውጡ ከፈተናው በፊት የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ «መድኃኒት የማይበግረው» ብንል ሐሳቡም አማርኛውም ይቃናል። «የተላመደ» የሚለው በጤና ጣቢያው ወረቀት ሁሉ ላይ ሰፍሮ ስለሚገኝ እንደማይለቅ አውቃለሁ፤ ልጅዎ በፈተናው «ባክቴሪያው ተላመደ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብትጽፍ ግን ነጥብ እንደምታጣበት ይንገሯት።

የቀረው ትንሽ ነው። «ብዝኃ ሕይወት» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ስሕተታቸው የአንዲት ፊደል እግር ናት፤ ብዝኅ ሲዘረፍ ብዝኀ ነውና «ብዝኀ ሕይወት» ይሁን። ሁለቱ የሕዋስ ክፍፍል ዓይነቶች፣ «ማይቶሲስ» እና «ሚዮሲስ»፣ ተመሳሳይ ድምፅ ስላላቸው ተማሪ ሁሉ ያምታታቸዋል፤ አማርኛም የተለመደ ስም የለውም። ትርጉማቸውን ቢነግሯት ግን ይለያሉ። የመጀመሪያው ጀርመናዊው ተመራማሪ ዋልተር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1882 ክር ከሚለው የግሪክ ቃል የሰየመው ነው፤ በማጉያው ሥር ክሮሞሶሞቹን እንደ ክር ሆነው አይቷቸው ነበር። ሁለተኛው መጉደል ማለት ነው፤ 46ቱ ክሮሞሶሞች በዘር ሕዋስ ውስጥ ወደ 23 የሚጎድሉት በእሱ ነው። በቤት ውስጥ «አጉዳይ ክፍፍል» ቢሉት ደስ ይለኛል፤ በፈተናው ወረቀት ላይ ግን ግሪኩን ትጻፍ።